አባቴ ተረት የተወበት ዓመት

የስፌት መኪና ዘይት ሲሸተኝ አባቴ ፊቴ ድቅን ይላል። አባቴ ሰይድ በሰቆጣ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ዝናሽ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እግሩ ሥር ተቀምጠን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምን ተረቱን እንሰማ ነበር። ዝናሽ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር የምትመጣ የገበሬ ልጅ ነበረች፤ በቤታቸው ኽምጣንጋ ስለሚነገር አማርኛው ሲያጥራት ቃሉን ፈልጋ ታመጣው ነበር።

አብልጠን የምንወደው የዘንዶውን ተረት ነበር። ድሮ ከተከዜ ማዶ አንድ ዘንዶ ምንጭ ላይ ተጠምጥሞ አገሩን ውሃ ከልክሎ ይኖር ነበር አሉ። ጎበዙ ሁሉ ጦሩን ይዞ እየሄደ ሳይመለስ ሲቀር፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አንድ እንስራ ማር ተሸክማ ሄደች፣ ዘንዶው ማሩን ልሶ ልሶ ሲያንቀላፋም ራሱን በድንጋይ መትታ ገደለችው። እዚህ ላይ አባቴ መኪናውን አቁሞ ውሃው ሲንዶለዶል በአፉ ያሰማን ነበር።

አራተኛ ክፍል በገባንበት ዓመት ክረምቱ ሐምሌ ላይ ተቋረጠ፣ መስከረምም እሸት ሳያሳየን አለፈ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የአማርኛ መምህራችን ከሦስቱ ጢማሞች የሶሻሊዝም መሪዎች ሥዕል ሥር ቆሞ ሰሌዳው ላይ «ባለታሪክ» እና «ግጭት» ብሎ ጻፈ። «በተረት ውስጥ አንድ ነገር የሚፈልግ አለ፣ የሚከለክለውም አለ፤ የሁለቱ ትግል ግጭት ይባላል» አለንና ከየቤታችን ምሳሌ እንድናመጣ አዘዘን። እኔ ዘንዶውንና ሴትዮዋን ይዤ ሄድኩ፣ ተጨበጨበልኝም።

ዝናሽ ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ቆመች። «አባቴ ዝናብ ይፈልጋል» አለች፤ «የሚከለክለው ግን አይታይም።»

መምህራችን ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ «ተቀመጪ» አላት።

የዚያን ቀን በረንዳው ላይ ስንደርስ ዝናሽ አባቴን፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ዘንዶው ሞቷል አላሉም?» ብላ ጠየቀችው።

«ሞቷል፣ ልጄ።»

«ታዲያ ውሃው የት ሄደ?»

አባቴ ክሩን መርፌው ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ፣ ሳተው፣ እንደገና ሞከረ። ዝናሽ ደብተሯን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከኅዳር ወዲህ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ፤ ክፍላችንም በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ። ዝናሽ በታኅሣሥ መቅረት ጀመረች። አባቴ ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ በመንደሯ ሰው ሁለት ጊዜ ላከላት፣ ሦስተኛ ጊዜ የሚላክ አልነበረንም።

በጥር፣ አንድ ብርዳም ጠዋት፣ የዝናሽ አባት በረንዳው ላይ ወጥቶ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። «ሰይድ ወንድሜ፣ ከዚህ ቁረጥልኝና ጠርዙን ስፋልኝ። የቀረውን እናቷ ትለብሰዋለች፣ የእርዳታ እህል ይሰጣል ወደሚባልበት ወደ ኮረም በእግር መውጣታችን ነው።»

«ምን ያህል ልቁረጥ?» አለው አባቴ።

ሰውዬው ዙሪያውን ቃኝቶ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «በእሷ ልክ» አለ።

አባቴ ሜትሩን ይዞ ተነሣ። ቀጥ ብዬ ቆምኩለት፤ ከራሴ እስከ ተረከዜ ለካኝ። መገነዣው ለማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሰፍቶ ሲጨርስ ሰውዬው ጨርቁን አጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። እነዚያ ሰዎች ከኮረም ይመለሱ አይመለሱ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ተረት ተናግሮ አያውቅም። አሁን እኔ በዚያው ከተማ አስተምራለሁ፣ እሱም ከእኔ ጋር ይኖራል። ያን ጊዜ ሳንለምነው ይነግረን የነበረው ሰው፣ ዛሬ ልጆቼ ጉልበቱን ይዘው «አንድ ብቻ፣ አባባ» ሲሉት ፀጉራቸውን ይዳብስና «እናታችሁ መምህር ናት፣ እሷን ጠይቁ» ይላቸዋል። እኔም የመማሪያ መጽሐፉን አወጣና፣ ቀና ብዬ አባቴን ሳላይ፣ አነብላቸዋለሁ።