ለእህቴ ጌም የሰጠሁት ነጥብ

የጌም ግምገማ እጽፋለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ አዲስ የወጣውን ሁሉ እየተጫወትኩ ለቻናሌ ተከታዮች ከአስር ነጥብ እሰጣለሁ። ጽሑፌን ያነቡታል ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ዘለው ቁጥሩ ላይ ነው የሚያርፉት።

አባቴ አንኮበር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። "ሰባት ማለት ምን ማለት ነው?" እያሉ ያበሽቁኛል። በእሳቸው ቤት ቁጥር የለም። ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ካማረ "ይበል" ይባላል፣ ከተሰበረም እዚያው ይቃናለታል። ሰው ጊዜ የለውም እኮ አባባ፣ እላቸዋለሁ።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ጌም ሠራች። ጭነት የተጫነ አህያ በጉም ውስጥ የአንኮበርን ቁልቁለት ይወርዳል፤ ጭነቱ ከዘመመ አለቀ። ዓመት ሙሉ ስትለፋበት "ቁም ነገር ያዢ" የማይላት ዘመድ አልነበረም። "ገምግምልኝ" ብላ ሰጠችኝ። ጉሙ ውብ ነው፣ ግን መንገዱን አብዝቶ ይሸፍነዋል፤ አህያውም መታጠፊያ ላይ ጎተት ይላል። እውነቱን ለመናገር ስድስት ነበር። ስድስት ካልኳት እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። አንጀቴ አልችል አለ። አሳምሬ ጻፍኩና ቁጥሩን ትቼ ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ምሳ ስንበላ እጇን ከገበታው ሰበሰበች።

"ለሌላው ሁሉ ቁጥር ሰጥተህ ለእኔ ለምን ተውከው?"

"እህቴ ነሻ።"

"ዓመት ሙሉ የለፋሁት እህትህ ለመባል ነው?" ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አባቴ ጉርሻቸውን እንደያዙ "ንገራት እንጂ" አሉኝ።

"ስድስት" አልኩ። እንደዚያን ቀን ቁጥር ከብዶኝ አያውቅም።

"ምን ጎድሎት?" አሉ አባቴ። የጉሙን ነገርኳቸው፤ የአህያውንም።

"የተጫነ አህያ ሲታጠፍ አይጎተትም እንዴ?" አለች እህቴ ቱግ ብላ።

"እሱስ እውነቷን ነው" አሉ አባቴ። "ጉሙን ግን አቅኚው።"

እሺ አለች፣ ምሳዋንም ጨረሰች። እኔም ስድስቱን አስገባሁ። ስልኬን ወስዳ ቻናሉን ቁልቁል ስታይ ቆየች፤ የማናውቃቸው ሰዎች ከሠሯቸው ጌሞች መሃል የእሷ ከነቁጥሩ ተቀምጧል። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

"አሁን ከሰው እኩል ሆንኩ" አለችኝ።