ሰባት ቁጥር፣ ሁለት ትራስ

ንግድ የተማርኩት ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ላይ ነው። ካልሲ ክንዴ ላይ ደርድሬ፣ ከታክሲ የሚወርደውን ሰው እግር እግሩን እያየሁ እጣራ ነበር። ፊት እያየ የሚጣራ ምሳውን አይበላም፤ ካልሲ የሚገዛው እግር ነው። ከካልሲ ወደ አንሶላ፣ ከአንሶላ ወደ ብርድ ልብስ አለፍኩ። ብርድ ልብሴን የሚገዙኝ አልጋ ቤቶች ነበሩና አንድ ቀን «የሰው አልጋ ማልበሱ ይብቃኝ» ብዬ ከአየር ጤና መናኸሪያ ገባ ብሎ ያለ አሥራ አራት ክፍል ቤት ተከራየሁ። ታፔላው ላይ «ፔንሲዮን» አስጻፍኩ። ሰፈሩ ግን ቤርጎ ነው የሚለው። ልዩነቱ ታፔላው ላይ ብቻ ነው፤ ታፔላውን ደግሞ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቤቱ ለብዙ ጊዜ ያለ ማስታወቂያ ሞልቶ ያድር ነበር። ከጅማና ከወልቂጤ መስመር የሚመጣ ሰው ከመኪና የሚወርደው ወገቡን ይዞ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅርብ ነኝ። ከዚያ መንገዱ ማዶ ባለ ሊፍት ሆቴል ተከፈተ። የኔ ቤት ባለ አንድ ፎቅ ናት፤ ለሊፍት የሚሆን ቁመት የላትም። ደንበኞቼ አንድ ሁለት እያሉ መንገዱን ተሻገሩ። ክፋት የለባቸውም፣ ሲሻገሩ ሁሉ ሰላም ይሉኝ ነበር።

ቤቱን ያቆሙልኝ የማር ነጋዴዎች ናቸው። ስምንት ሰዎች ናቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ አብረው መጥተው አብረው ይመለሳሉ። ትልቃቸው ስልሳን ያለፉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ጫማቸውን ያወለቁበት ቤት ሰባቱም ያወልቃሉ። እሳቸው መንገዱን ተሻገሩ ማለት ስምንት ክፍል ተሻገረ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለኔ የሚቀረኝ ሥራ የቤቱን ቁልፍ ለባለቤቱ መመለስ ብቻ ነው።

ህንድ አገር የሄድኩት በዚህ ሰሞን ነው፤ ለንግድ ሳይሆን ታላቅ እህቴን ለልብ ሕክምና ይዤ። ደልሂ ውስጥ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለች ትንሽ ሆቴል አረፍን። ክፍሏ ከኔ ክፍሎች አትበልጥም። መስኮቷ እንዲያውም ታንሳለች፤ በስንዝር ለክቻታለሁ። ግን በሦስተኛው ቀን እንግዳ ተቀባዩ፣ ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ አዛውንት፣ እህቴ ሻይ ያለ ወተት እንደምትጠጣ አወቀ። በዚያ አገር ሻይን ከወተት መለየት ቀላል ሥራ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ለምርመራ ስንመለስ ደግሞ ገና በሩን ሳናልፍ ተነሥቶ «ያችው ክፍላችሁ ተዘጋጅታለች፣ ከመንገዱ ጫጫታ የራቀችው። የእህትህ ደረት እንዴት ሆነላት?» አለኝ። እህቴ እንባዋ መጣ። የኔ አልመጣም፤ እንዴት እንዳደረገው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከሰዓት እህቴ ጋደም ስትል እሱ ጋ እየተቀመጥኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንጨዋወት ነበር።

«አንተ ነጋዴ ነህ። ብርድ ልብስ የገዛህ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ብርድ ልብስ።»

«ከኔ ቤት የሚወጣስ?»

«ሳሙና» አልኩት። እህቴ ትንንሾቹን ሳሙናዎች አንድ በአንድ ሻንጣዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ።

ሳቀ። እሱም አይቷታል ማለት ነው። «ከሳሙናው ሌላ በእጁ የሚይዘው የለም። እኛ የምንሸጠው ነገር አይዳሰስም። ስለዚህ እዚህ የሚያውቀው ሰው እንዳለ ይዞ ይሂድ።» መሳቢያውን ሳበና ደብተሩን አሳየኝ። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ገጽ አለው፤ ምን እንደሚበላ፣ በየት በኩል መተኛት እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያመው ሁሉ ተጽፏል።

አገሬ እንደገባሁ መጀመሪያ የገዛሁት ነገር ደብተር ነው።

መቀበያው ላይ የምትሠራው ልጅ አምስት ዓመት አብራኝ ቆይታለች። ምላሷ ስለታም ነው፤ ቦስ ትለኛለች፣ ግን እንደምታከብረኝ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ደብተሩን ሰጥቼ ነገሩን ሳስረዳት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«እንግዲህ የህንድ ፊልም ልንሠራ ነው በሉኛ! ዘፈኑስ የት ጋ ነው የሚገባው?»

«ቀልዱን ተይው። ሰው ሲመጣ ገጹን አንብበሽ እንደምታውቂው አድርገሽ ተቀበዪው።»

«ቦስ፣ እዚህ ሰው የሚመጣው እንዳይታወቅ ነው እኮ።»

«እሱ ቤርጎ በነበርንበት ጊዜ ነው» አልኳት።

ታፔላውን በመስኮት አሻግራ አየች።

እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ሠራ። አንዱ ማር ነጋዴ ቁርሱ ያለ ቃሪያ ሲመጣለት «ማን ነገራችሁ?» ብሎ ፊቱ በራ። ስለ ጋሼ ራሴ ነበርኩ የጻፍኩት። ሰባት ቁጥር፣ በጓሮ በኩል ያለችው። ሁለት ትራስ፤ አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ ከጉልበታቸው ሥር፣ ወገባቸውን ስለሚያማቸው። ሻይ ያለ ስኳር። ማር የሚነግድ ሰው ስኳር አይወድም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ጋሼ ገቡ። ከኋላቸው ነጠላ ያጣፉ፣ የቅቤ ቆርቆሮ በፌስታል ያንጠለጠሉ ሴት አሉ። ሚስታቸው ናቸው፤ ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነው የመጡት። ከማር ነጋዴዎቹ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ጋሼ እንደማያውቀን ሰው ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «አልጋ አለ ወይ?» አሉ።

አራት ዓመት ሙሉ ጠይቀውት የማያውቁትን ጥያቄ ሲጠይቁ መንቃት ነበረብኝ። የሰው ዓይን ማንበብ እንጀራዬ ነው። እኔ ግን የህንዱ ትምህርት ሲያፈራ ለማየት እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜአለሁ።

ልጅቷ ብድግ አለች። «እንኳን ደህና ተመለሱ አባባ! አልጋ አለ ወይ ይባላል እንዴ? ሰባት ቁጥርዎ ተዘጋጅታለች፣ ሁለቱ ትራሶችም እንደተለመደው አሉ። ሻይዎን አሁኑኑ ላምጣ?»

አንድም አልሳተችም። ጉዱ የመጣውም ከዚያው ነው።

ሚስታቸው ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እንደተለመደው?» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ፣ የምታድረው ወንድምህ ቤት አይደለም?»

ጋሼ ቆርቆሮውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

«ሁለት ትራስ ለማን ነው?»

ሁለቱ ማር ነጋዴዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ ደጅ ወጡ።

ልጅቷ ቶሎ ብላ «ተሳስቼ ነው እናቴ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተመሳስለውብኝ ነው» አለች።

«ከማን ጋር?» አሉ ሴትየዋ። «በዚህ መልክ ሌላ ሰው አለ?»

ከጠረጴዛው ጀርባ ወዳለችው የቁርስ ክፍል አስገባኋቸው። «እናቴ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ ብቻቸውን ነው የሚያድሩት፤ ሁለተኛው ትራስ ለጉልበታቸው ነው» አልኩ።

«አንተማ ምን ትል? አልጋ አከራይ አይደለህ!» አሉኝ። ትክክል ናቸው። እኔም ብሆን አላምነኝም። ስልካቸውን ከደረታቸው ሥር አወጡ። «ለወንድምህ እደውላለሁ። እሱ ይንገረኝ።»

ያኔ ጋሼ ተናገሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የረዘመ ንግግር ነው። «ለኔ የፈለግሽውን በይኝ፤ ለሱ ግን አትደውይ። አንድ ክፍልና መጋረጃ ነው ቤታቸው። እኔ ስመጣ እሱና ሚስቱ ከአልጋቸው ተነሥተው መሬት ይተኛሉ። ወገቤን እንደሚያመኝ ስለሚያውቁ የልጃቸውን ትራስ ነጥቀው ለኔ ይደርቡልኛል። እሱ አናጢ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጣውላ ሲሸከም ይውላል፤ ወገቡ ከኔ የባሰ ነው። ሌላ ቦታ ልደር ስለው ተቆጣ። ወንድም እያለህ ቤርጎ ልታድር? ሰው ምን ይለኛል? አለ። ስለዚህ ሄጄ ቅቤሽን አደርሳለሁ፣ ምሳ እበላለሁ፣ በአሥራ አንድ ሰዓቱ መኪና ልግባ እልና እዚህ እመጣለሁ። ዛሬም ሁለት ሆነን መሬት ከምናስተኛቸው ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁሽ።»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰምተሽ፣ ለሚስቱ ሳትነግሪ ታድሪያለሽ?»

ሴትየዋ ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ አላዩትም። አሰቡበት። «አላድርም» አሉ በመጨረሻ። ስልኩ ግን ከእጃቸው አልወረደም። «አልጋውን አሳዩኝ።»

ሰባት ቁጥር ገቡ። ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ትራሶቹን አንሥተው አሸተቱ። ምን እንደፈለጉ ገብቶኛል። የታጠበ አንሶላ እንጂ ሌላ ሽታ አልነበረውም። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉና «በሩን ዝጉት» አሉ።

ወጥቼ ደጁ ላይ ቆምኩ። ሁለቱ ማር ነጋዴዎች ባዶ ብርጭቆ ይዘው አንገታቸውን ወደ ባለ ሊፍቱ ቀና አድርገው ያያሉ። እፍረት የያዘው ሰው ወደሚያውቁት ቤት አይመለስም፤ ካልሲ ሻጭም ቢሆን ይህን ያውቃል። ጋሼ ነገ ይሻገራሉ፣ ስምንቱም ይሻገራሉ ብዬ ቆረጥኩ። ልጅቷ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። አልጠየቅኳትም።

ጠዋት ባልና ሚስቱ ለሐኪሙ ሊወጡ ሲሉ ሴትየዋ ጠረጴዛው ጋ ቆሙ። ቅቤውን ለወንድምየው ቤት ሊያደርሱ ይዘዋል።

«አንቺ ልጅ፣ በሁለት ሳምንቱ ሌላ ቀጠሮ አለኝ። ስመጣ አላወቅሽኝም።»

«እሺ እናቴ።»

«አሁንም አላወቅሽኝም።»

«ማን ልበል?» አለች ልጅቷ።

ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጋሼ ጫማቸውን እያዩ ነበር። ለወንድምየው ሚስት የተነገረ ነገር አልነበረም፤ ቅቤውን ሲያደርሱም «ዛሬ ጠዋት በመኪና ደረስን» ነው የሚሉት።

በሁለት ሳምንቱ ስምንቱም መጡ። ጋሼ «አልጋ አለ ወይ?» አሉ፣ ሚስታቸው አጠገባቸው ቆመው። ልጅቷ «እስኪ ልይልዎት» ብላ፣ የመዝገቡን ገጽ ሁለቴ ገልብጣ፣ «አንድ ክፍል አላጣም፣ በጓሮ በኩል» አለች። ሁለቱ ትራሶች ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበሩ። ህንዳዊው ሽማግሌ ቢያያት ይቀጥራት ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጋሼ አገራቸው በተመለሱበት ሰሞን፣ ትከሻው ላይ የእንጨት ብናኝ ያለበት ሰው አንድ ሰፊ ጣውላ አንግቦ ገባ። ቅንድቡን ሳይ የሰባት ቁጥርን ቅንድብ አየሁ፣ አሥር ዓመት ተቀንሶለት። ልጅቷም አይታለች።

«ማር የሚነግድ ወንድም አለኝ። እዚህ ያድራል?» አለ።

«እዚህ? እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሰውዬው ጥቂት አያትና «ጎሽ» አለ። ጣውላውን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። በብርጭቆ ወረቀት ለስልሷል፣ ጠርዙ ሁሉ ክብ ነው። «እንግዲህ የማታውቁት ሰው ሲመጣ፣ ይችን ከፍራሹ ሥር አድርጉለት። ለወገብ ጥሩ ናት። ከየት መጣች ካለ፣ ቤቱ ነው ያሠራው በሉት።»

መቻል አቃተኝ። «ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?» አልኩት።

«ሁለት ክረምት ሆነኝ። አንድ ቀን ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ፤ ተከትዬው መጣሁ። መናኸሪያውን አልፎ እዚህ ሲገባ አየሁት። ጃንጥላውን ይዤ ተመለስኩ።» በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «እኛም መሬት መተኛቱ አልተስማማንም ነበር» አለና ሄደ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ጋሼ ጠዋት ከክፍላቸው ወገባቸውን ሳይዙ ቀጥ ብለው ወጡ። ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ።

«ጣውላ አስገብታችኋል» አሉኝ በመጨረሻ።

«ቤቱ ነው ያሠራው ጋሼ።»

ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አዞሩት። ሌሊት ተነሥተው ፍራሹን ገልጠው እንዳዩት ገመትኩ፤ የገዛ ወንድሙን እጅ የማያውቅ የለም።

«ጥሩ አናጢ ነው። ማን ነው እሱ?» አሉ።

ልጅቷ ከጽሑፏ ቀና ሳትል «አናውቀውም አባባ» አለች።

ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ሁለተኛ ሻይ አዘዙ።