ፋዲላ ሲሚንቶ ላይ የዘራችው

ፋዲላ ጎረቤቴ ናት። የአቦምሳ ገበሬ ልጅ ስትሆን አዳማ ከገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ተከራይተን እንኖራለን። ከደጇ ፊት የነበረቻትን የጎመን መደብ አከራያችን አቶ ማስረሻ «መኪና ላቁምበት» ብለው ባለፈው ዓመት በሲሚንቶ ደፈኑባት። መኪናው እስከ ዛሬ አልመጣም። «ከእንግዲህ በዚህ ግቢ መቆፈር የለም!» አሉ።

ፋዲላ አላለቀሰችም። ስትናደድ ደጇን እንደምትጠርግ ግን አውቃለሁ። ያን ቀን ሲሚንቶውን ሦስት ጊዜ ጠረገችው።

ጥር ላይ ወንድሟ በአይሱዙ ስድስት እስር የስንዴ ጭድ ላከላት፤ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ፣ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን። እሷም ደጇ ላይ ደረደረችውና ዩሪያ እየነሰነሰች በየቀኑ ውሃ ታጠጣው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ሽታው ግቢውን ሞላው።

አቶ ማስረሻ መጡ። በእኛ አገር ጭድ ከራሰ ጭቃ ሊቦካ፣ ቤት ሊመረግ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

«አንቺ ሴትዮ፣ በእኔ ግቢ ቤት ልትሠሪ ነው?»

«ጭቃ ያለ አፈር ይቦካል እንዴ ጋሼ? እስቲ አፈሩን ያሳዩኝ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«እርሻዬ ነው።»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። አቶ ማስረሻ ግን አልሳቁም። «እስከ እሁድ ጭዱን ታወጫለሽ፤ አለዚያ ከነጭድሽ ትወጫለሽ!»

እሁድ አራት ቀን ቀርቶታል። እጄን ጭዱ ውስጥ ብሰድ እንደ ታመመ ሕፃን ግንባር ያተኩሳል።

«ተዪው ልጄ፣ ሌላ ቤት ከየት ታገኛለሽ?» አልኳት።

«ትኩሳቱ ሲለቀው ነው የሚተከልበት፣ እማማ። ወላሂ፣ ብወጣም ተክዬ ነው የምወጣው!»

ቅዳሜ ጠዋት ጭዱ በረደ። በጣቷ እየፈለቀቀች፣ አንድ አንድ እፍኝ ፍግ እየጨመረች፣ የቆስጣና የቲማቲም ችግኝ ተከለችበት። ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ አደረገች።

እሁድ አቶ ማስረሻ ሁለት የቀን ሠራተኞች አስከትለው ገቡ። ፋዲላ ከጭዱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። እኔም በርጩማዬን አውጥቼ ከጎኗ ተቀመጥሁ።

«አንሡት!» አሉ።

«እነሱ ምን በወጣቸው? እርስዎ በእጅዎ ይንቀሉት» አለች።

አቶ ማስረሻ ጎንበስ ብለው አንዷን ቆስጣ ያዙ። እሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸው። ያዙ፣ ቆዩ፣ ለቀቁ። «ሲሚንቶዬ ቢበላሽ ወዮልሽ!» ብለው ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወጡ።

ቆስጣውን አብረን በላነው፤ ለአቶ ማስረሻም ቤት ተላከ። ሰኔ ላይ ጭዱ በስብሶ ገመዱ ረገበ፤ ጥቁር አፈር ሆኖ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ። አቶ ማስረሻ አይተው ቆሙ።

«ይሄ አፈር ደግሞ ከየት መጣ?»

«እኔ አልቆፈርኩም፣ ጋሼ» አለች ፋዲላ፣ የዱባ ፍሬ እየቀበረችበት። «ራሱ ተመልሶ መጣ።»