የማርኮ ሰባት ቤት

ማርኮ የሚባል ጣሊያናዊ አብራኝ የምታስተምረዋን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ይዞ ጎጃም፣ ቁይ ከተማ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሲሄድ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

አጎቷ «ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቁጠር» ሲሉ ሳቄን ዋጥኩት። የጣሊያን ተራራ ላይ የተወለደ ሰው ከጎጃም ሰው ጋር ምን ያዛምደዋል?

ማርኮ ግን መቁጠር ጀመረ። አባቱ ሉካ፣ አያቱ ፓውሎ፣ ቅድመ አያቱ የቫልኔራ መንደር ድንጋይ ጠራቢው ጆቫኒ። ከዚያ በላይ ጠፋበት፤ ላብ በላብ ሆነ። አሳዘነኝ።

ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጡት የልጅቷ አያት «የጆቫኒ አባት ፒየትሮ ነው» አሉ።

«አባባ፣ እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እናቴ አስጠንታኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ እዚህ የዘመተው ጆቫኒ የእኔም አባት ነው። በል ተርጉምለት።»