ወንጌላዊትና የኮምባይነሩ ተራ

ስንዴ ሲደርስ በማርቆስ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ኮምባይነሩ እኔ ጋ መቼ ነው የሚደርሰው?» ይኼን ጥያቄ ከጧት እስከ ማታ የምትሰማው ደግሞ ወንጌላዊት ታረቀኝ ናት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሥሩ ጎማ የሚጠገንበት ፎቅ ላይ፣ የገበሬዎቹ ማኅበር አንዲት ክፍል ሰጥቷታል። ከማርቆስ ወጣ ብላ ካለችው ከአማኑኤል ከተማ ዙሪያ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ኮምፒውተር የተማረችው እዚሁ ማርቆስ ነው። አብረዋት የተመረቁት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ «እዚያ ሄጄ ለማላውቀው ሰው ታክሲ ከምጠራ፣ እዚህ የማውቀውን ሰው ስንዴ ባሳጭድ ይሻለኛል» ብላ ቀረች። ሳቁባት። ይሳቁ! እሷ ራሷ ከሁሉም በላይ ሳቂታ ናት፤ ስትስቅ ታች ያለው ጎማ ጠጋኝ ሳይቀር ቀና ይላል። ከኮምፒውተሯም ጋር ታወራለች። «እሺ የኔ ጌታ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆንክብኝ?» ስትል የሰማ እንግዳ ባሏን የምታናግር ይመስለዋል።

እሷ ከመምጣቷ በፊት የተራው ነገር ጭቅጭቅ ብቻ ነበር። የአንዱ ስም ይፋቃል፣ የሌላው ይገባል፤ ማን እንደፋቀው ሳይታወቅ ዱላ ይማዘዛሉ። ወንጌላዊት ሥራውን ስትረከብ ምንም የማይፍቅ ዳታቤዝ መረጠች። የሆነውን ሁሉ በሆነበት ቅደም ተከተል፣ አንዱን ከሌላው ሥር እየጨመረ ይይዛል፤ እገሌ ተመዘገበ፣ የእገሌ ማሳ ደረሰ፣ እገሌ ተራውን ለእገሌ ሰጠ። እያንዳንዱ አባወራ የራሱ መስመር አለው። ዛሬ ተራው የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ መስመሮቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነብና ይደርስበታል።

ከዳታቤዙ ጋር የምትነጋገረው ክላየንት ላይብረሪ በሚሉት፣ ሌሎች አዘጋጅተው በሰጡት ኮድ ነው። ጻፍ ስትለው ይጽፋል፣ አንብብ ስትለው ያነባል፣ አዲስ ነገር ሲገባም ሳትጠይቀው ይነግራታል። ታዲያ አንድ ጠባይ አለው። ከመጻፉ በፊት «መስመሩ የት ላይ ደርሷል ብለሽ ነው?» ይላታል። እሷ ካነበበች ወዲህ ሌላ ሰው ገብቶ ጽፎ ከሆነ፣ «ቀድመውሻል፤ እንደገና አንብቢ» ብሎ እምቢ ይላል። «ልክ እንደ እናቴ ነው፤ ሳያጣራ ንቅንቅ አይልም» ትላለች ወንጌላዊት።

ገበሬዎቹ ይኼን ሁሉ አያውቁም፣ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። ተራ ሲደርሳቸው ስልካቸው ላይ መልእክት ይመጣል። 1 ብለው ከመለሱ እሺ ነው፤ 2 ካሉ አልፈልግም ነው። የኮምባይነሩ ሾፌር አንተነህም ቀጥሎ ወዴት እንደሚነዳ በዚያው በስልኩ ያያል።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። እዚህ አገር ሰው ተራውን ይሰጣል። ጎረቤቱ ሐዘን ላይ ከተቀመጠ፣ ወይም ሚስቱ ልትወልድ ከተቃረበች፣ «አንተ ቅደም» ይለዋል። የሰጠው ሰው ግን ሜዳ ላይ አይቀርም፤ የተቀባዩ የቀድሞ ቦታ የእሱ ይሆናል። ይኼን ማንም አይናገረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ወንጌላዊትም ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ፕሮግራሙን ስትጽፍ ግን አጨዳው ሊጀመር ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና ቸኮለች። ከላይብረሪው ጋር የመጣ ማሳያ ነበረ፤ በስልክ ዕቃ ስለሚገዛ ሰው። ሰውየው ከዘንቢሉ ያወጣው ዕቃ ወጥቷል፣ አለቀ። እሷም ያንኑ ገልብጣ፣ ተራውን የሰጠ ሰው ተራ የለውም ብላ አሳለፈችው። ፕሮግራሟ ከእያንዳንዱ ሰው መስመር የመጨረሻውን ጽሑፍ ብቻ ያያል፤ «ሰጠ» የሚል ካለበት ሰውየው ከሰልፉ ይወጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ለመሆኑ ስህተቱ ሳምንታት ሙሉ እንዴት ሳይታይ ቀረ? የተጎዱት እነማን እንደሆኑ እስቲ አስቡት። ተራቸውን ለሌላ የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ይሉኝታ ያለባቸው፣ ደውለው «የኔስ?» ከማለት ስንዴያቸው ቢረግፍ የሚመርጡ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ቁጭ አሉ።

የሚደውለውማ ሌላ ነው፤ ጋሽ ደመላሽ ናቸው። ጋሽ ደመላሽ የአማኑኤል ሰው ሲሆኑ ሳይደውሉ የዋሉበት ቀን ካለ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። «የማሽናችሁ ጩኸት ዶሮዎቼን እንቁላል አስረሳቸው።» «ሾፌራችሁ ሰላም ሳይለኝ አለፈ።» «መልእክታችሁ ቅዳሴ ላይ ጮኸብኝ።» ዘንድሮ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር ተራቸውን የሰጧቸው የወንጌላዊት አባት፣ አቶ ታረቀኝ ናቸው። ያኔ እንኳ ጋሽ ደመላሽ፣ «ትናንት ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?» ብለዋቸዋል አሉ።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። በጮቄ ተራራ በኩል ደመና ይቋጠር ጀመር፤ ሬዲዮውም ነገ ዝናብ አለ አለ። ኮምባይነሩ አማኑኤል ላይ የቀረችውን ማሳ ጨርሶ በነጋታው ወደ ደብረ ወርቅ ሊሻገር ነው። ወንጌላዊት ጧት ቢሮ ገብታ መቀመጫዋን ሳታሞቅ ስልኳ ጮኸ።

«ጋሽ ደመላሽ፣ እንደምን አደሩ? ደግሞ ምን ሆኑ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! ጎተራዬ ሞልቷል።»

«ታዲያ እግዜር ይመስገን አይሉም?»

«እንዴት ልበል? የሰጠኝ ሰው ስንዴው ቆሟል! በመስኮት ባየሁ ቁጥር ይታየኛል። እህል እንኳ አልወርድልሽ አለኝ። ማሽኑ ነገ ሄደ ይላሉ። አንቺ ልጅ፣ ያባትሽን ስንዴ ዝናብ ልታስመቺው ነው?»

ወንጌላዊት ባለፈው እሁድ ቤት ሄዳ ነበር። አባቷ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለማይረባው የሰፈሩ ሚሊሻ ሁሉ ሲያጫውቷት አምሽተው ስለ ስንዴው ትንፍሽ አላሉም። እሷም ታጭዶ ያለቀ መስሏት አልጠየቀችም።

የአባቷን መስመር ከፈተች። ተመዘገቡ። ማሳቸው ደረሰ። ተራቸውን ለደመላሽ ሰጡ። ከዚያ በታች ምንም የለም። «ወይኔ!» አለች ጮክ ብላ፤ ታች መዶሻው ቆመ። የገዛ ፕሮግራሟን አንብባ ያችን የዘንቢል ነገር ስታገኛት ፊቷ ጋለ። ስንቱን ሰው ነው በመልካምነቱ ከሰልፍ ያስወጣችው?

የዱሮው መዝገብ ቢሆን እዚህ ላይ አልቅሳ ትቀመጥ ነበር፤ የተፋቀ ተፍቋላ! ይኼኛው ግን ሁሉንም እንደያዘ ነው። የተበላሸው የሆነው ነገር ሳይሆን የእሷ አነባበብ ነው። ደንቡን እንደ አገሩ አድርጋ ጻፈችው፤ ተራ የሰጠ ሰው የተቀባዩን የቀድሞ ቦታ ይወርሳል። ከዚያም ላይብረሪውን «ሁሉንም ከመጀመሪያው፣ ከዓመቱ የመጀመሪያ ምዝገባ ጀምረህ አንብብልኝ» አለችው። ጎማ ጠጋኙ አንድ ጎማ ሳይጨርስ ሰልፉ ተስተካክሎ ወጣ። ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ቤቶች ብቅ አሉ። ሁሉም ተራቸው ካለፈ ቆይቷል፣ ሁሉም አማኑኤል ዙሪያ ናቸው።

ለአንተነህ ደወለችለት። «ነገ አትሻገርም፤ ዘጠኝ ማሳ ረስቼብሃለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ታሾፊያለሽ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ደብረ ወርቅ ያለው ስንዴ ገና እሸት የተቀላቀለበት ነው፣ አንድ ቀን ይጠብቃል። እነዚህ ግን ዝናብ ከነካቸው አለቀላቸው። ስትመለስ ጥሬ ሥጋ በኔ።»

«ጾም ነው እኮ!»

«ጾሙ ሲፈታ ነዋ፣ አንተ ሆዳም!»

አንተነህ ሳቀና መሪውን አዞረ። መልእክቶቹ ወጡ። 1 መጣ፣ 1 መጣ፣ ከዘጠኙ አንዷ እማማ ሥራነሽ ደግሞ ደስታቸው በዝቶ 11 ብለው ላኩ። ወንጌላዊት እያዜመች በየመስመሩ የሚታጨዱበትን ሰዓት ጻፈች። የአባቷ ላይ ስትደርስ ላይብረሪው እምቢ አላት፤ «ቀድመውሻል፤ እንደገና አንብቢ።»

እንደገና አነበበች። በሩ ላይ ቆመው ይመስል አባቷ ቀድመዋታል፤ 2 ብለዋል። አልፈልግም።

ብትደውል አያነሱም። ሁለተኛም ደወለች፣ አያነሱም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ መናኸሪያው ሮጠችና የአማኑኤል ሚኒባስ ላይ ዘለለች። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ደመናውን እያየች በሆዷ ትጨቃጨቃለች፤ «እምቢ? እኔን እምቢ? እንዲያው ምን አድርጌያቸው ነው!»

አባቷን ማሳው ዳር ቆመው አገኘቻቸው። ስንዴው ወርቅ መስሎ ቆሟል፤ ዘለላው ከመድረቁ የተነሳ ነፋስ ሲነካው ይንኳኳል። ከማዶ የእማማ ሥራነሽን ማሳ ኮምባይነሩ ያጭደዋል። አቶ ታረቀኝ ፈገግ ብለው ሳሟት።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው እምቢ ያሉት?»

«ምኑን?»

«ምኑን! ተራውን ነዋ!»

አቶ ታረቀኝ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የኔ ልጅ፣ ተራዬን እኮ ሰጥቻለሁ። ሰው እግሩ ተሰብሮ ሰጠሁት። አሁን ልጄ ማሽኑ ቢሮ ስለሆነች የሰጠሁት ተፍቆ ተመለሰልኝ ልበል? ያ እንግዲህ መስጠት ይባላል? ስንዴውማ ካመት ዓመት ይዘራል።»

ወንጌላዊት ልትቆጣ መጥታ እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። ለካ እሳቸው የፈሩት ስጦታቸው እንዳይፋቅባቸው ነው! ስልኳን አውጥታ የሳቸውን መስመር ከፈተችና አጠገባቸው ቆመች።

«ያንብቡት።»

አቶ ታረቀኝ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው በቀስታ አነበቡ። «ታረቀኝ ተመዘገቡ። ማሳቸው ደረሰ። ተራቸውን ለደመላሽ ሰጡ። ተራ ደረሳቸው። አልፈልግም አሉ።» ቀና አሉ። «አልፈልግም ያልኩትም ገባ?»

«ገባ።»

«ይኼንንስ ፋቂው፤ ያሳፍራል።»

«አይፋቅም አባዬ።»

«እንዴት አይፋቅም? አንቺ አይደለሽ የሠራሽው?»

«የሠራሁት እንዳይፋቅ አድርጌ ነው። እኔ ብፈልግ አልችልም፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢያዝ አይቻልም። ላዩ ላይ መጨመር ብቻ ነው።»

«መስጠቴስ?»

«ይኸው አሁን አነበቡት አይደል? እዚያው ነው፣ እዚያው ይኖራል። የደረሰዎት የሰጡት ተራ አይደለም፤ የጋሽ ደመላሽ ቦታ ነው። የአገሩን ደንብ እኔ ነኝ የረሳሁት። ይቅርታ አባዬ።»

አቶ ታረቀኝ ሦስተኛውን አረፍተ ነገር እንደገና አነበቡት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች። ከዚያ ጮቄን አዩ፣ ስንዴውን አዩ፣ በመጨረሻ እሷን አዩ።

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ?» አሉ በቁጣ። «ደመናውን አታዪም? ጥሪዋ እንጂ ያችን ማሽን!»

ወንጌላዊት እዚያው ማሳው ዳር ከስልኳ ጻፈች። ላይብረሪው እንደ ልማዱ መስመሩ የት ላይ እንደደረሰ ጠየቃት፤ አሁን ታውቃለችና ተቀበላት። ከማዶ የአንተነህ ስልክ ጮኸ መሰለኝ፣ ኮምባይነሩ አፍንጫውን ወደነሱ አዞረ። አቶ ታረቀኝ ጆንያ ሊያመጡ እንደ ጎረምሳ ሮጡ።

ዝናቡ እንደተባለው መጣ፤ በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ዘጠነኛው ማሳ ታጭዶ እህሉ ቤት ገብቶ። ማርቆስም ላይ የቢሮዋን ቆርቆሮ ሲደበድበው ወንጌላዊት እግሯን ዘርግታ፣ ሥራ ትቶ ወደ ላይ የወጣውን ጎማ ጠጋኝ ታስቀዋለች። ስልኳ ጮኸ።

«ቅሬታ አለኝ» አሉ ጋሽ ደመላሽ።

«ያለዚያማ አይደውሉም።»

«ታረቀኝ መስጠቱ ተጽፏል አሉ፤ ለሰው ሁሉ እየነገረ ነው። እኔ ማመስገኔ የታለ የተጻፈው?»

«አመስግነዋቸው ነበር እንዴ?»

«አላመሰገንኩትም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፊት ለፊት አፌ አይታዘዝልኝም። አሁን ነው የማመሰግነው። ጻፊልኝ በይ።»

ተራ ለማስያዝ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም። ወንጌላዊት ግን አዲስ ዓይነት ድርጊት ጨመረችለት፤ «አመሰገኑ» የሚል። ተራ ስታሰላ ይኼን ስታገኝ አንብባ እንድታልፈው አደረገች፤ ማንንም ወደፊት አያመጣም፣ ማንንም ወደኋላ አይገፋም። ከዚያ በአባቷ መስመር ላይ፣ «አልፈልግም አሉ» ከሚለውም ከአጨዳውም በታች ጨመረችው። መልእክቱም ወደ አባቷ ስልክ ወጣ፤ «ደመላሽ አመስግነዋል።»

ትንሽ ቆይቶ ከአማኑኤል መልስ መጣ፤ 1።