ተቆልፎብን የዋልንበት እሑድ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያ ቀን ከአእምሮዬ ያልጠፋው በር ስለተቆለፈብኝ ብቻ አይደለም። ከአፌ ያመለጠኝ አንድ ቃል አለ፤ እሱ ነው የማይረሳኝ።

እኔና ባለቤቴ ሸምሱ ወላጆቻችን ከስልጤ የመጡ፣ እኛ ግን ሶዶ ተወልደን ያደግን ነጋዴዎች ነን። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ባልዲና ጆግ በጅምላ እንሸጣለን። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ሸምሱ ሱቁን ሲዘጋ ያየሁት ለዒድና ለቀብር ብቻ ነው። በዒድም ቢሆን ከሰዓት በኋላ "እስኪ ቁልፉን ልየው" ብሎ ይወጣል።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን እራት እየበላን "ለሁለት ቀን ወጣ ብለን እንዝናና" አለኝ።

"ማንና ማን?" አልኩት።

"እኔና አንቺ። ልጆቹ እናትሽ ጋ ይሆናሉ፣ ሱቁን ወንድሜ ያየዋል። ከአረካ አለፍ ብሎ አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ጎጆ ያከራያል አሉ። ፏፏቴውም ቅርብ ነው።"

በማግስቱ ለእህቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ሁለተኛ ሊያገባ ነው" አለች። "እንዲህ ነው የሚጀምሩት። መጀመሪያ ያዝናኑሻል፣ ከዚያ ይነግሩሻል።"

ሳቅኩባት። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ሸምሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሏል። ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣል። የኮቱን የውስጥ ኪስ ደጋግሞ ይዳስሳል። ልብሴን ስሸክፍ የሸከፍኩት እንደሚዝናና ሰው ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተነሳን። እስከ አረካ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ገባች። ሸምሱ ወርዶ ከኋላ ገፋ፤ ጎማው ሲሽከረከር ከጉልበቱ እስከ ጢሙ ጭቃ አለበሰው። ስንደርስ በድካም ሻንጣውን ብቻ አውርደን የምግቡን ዘንቢል ባጃጇ ውስጥ ረሳነው። እኔ ሌሊት ተነስቼ የሠራሁት ዶሮ ወጥ ወደ አረካ ተመለሰ።

አከራያችን አቶ ማርቆስ ደግ ሰው ናቸው። ጎጆዋ ከእንሰቱ ጀርባ ናት፤ ታምራለች። ሸምሱ "ተመስገን" ብሎ አልጋው ላይ ቁጭ ሲል የአልጋው አንድ እግር ወለቀ። ሁለት ጡብ አመጡልን። መብራት አልነበረም። አቶ ማርቆስ "ነገ ይመጣል" አሉ፤ የትኛውን ነገ እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። በር ላይ ተቀምጠን እንሰቱ በዝናብ ሲመታ አየን። ሸምሱ መቀመጥ ስለማያውቅ ጥቂት ቆይቶ የአቶ ማርቆስን ዕቃ ቤት ሄዶ አስተካከለላቸው። ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። መጣ፣ ሊነግረኝ ነው አልኩ።

"ዝናቡ የሚያባራ ይመስላል" አለ።

እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አራቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ ተናገረ። እራት ስንበላ ለአቶ ማርቆስ "ጠዋት በማለዳ ፏፏቴውን አይተን እንመለሳለን" አላቸው። ጭቃ የጠጣ ጫማችንን እንዳይዘንብበት ወደ ውስጥ አስገብተን ተኛን።

እሑድ ለሱብሒ ስንነሳ አሁንም ይዘንባል። ሰግደን ተመልሰን ተኛን። ሦስት ሰዓት አካባቢ በሩ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም የሚርቅ ኮቴ። ተነስቼ በሩን ብስበው እምቢ አለ።

ነገሩ ኋላ ነው የገባን። አቶ ማርቆስ ጫማችንን ደጃፍ ላይ ሲያጡ ፏፏቴው ሄደዋል ብለው፣ ዕቃችን እንዳይሰረቅ ጓጉንቸር ቆልፈው ከነቤተሰባቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የሸምሱ ስልክ ባትሪው ሞቷል። የእኔ ባትሪ አለው፤ ኔትወርክ የለውም። መስኮቷ ትንሽ ናት፣ የብረት ፍርግርግ አላት። "ኧረ የሰው ያለህ!" ብለን ጮኽን። ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ተጀመረ። እኛ በጮኽን ቁጥር እነሱም ከፍ ያደርጉታል።

ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አልጽፍም። ባልዲ ነበረ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት መጡ። ጉልበታቸውን ታመው ቤት የዋሉ ጎረቤት ናቸው፤ እማማ ፋንታዬ ይባላሉ። በወላይትኛ ነገርናቸው። ጓጉንቸሩን ነካ ነካ አድርገው ቁልፉ ማርቆስ ኪስ ውስጥ ነው አሉን። እንግዳ ሰባኪ ስለመጣ ቶሎ አይወጡም፤ ደግሞ የሰው በር አልሰብርም አሉ። ሄዱ። በቃ፣ አልኩ።

እሳቸው ግን የተቀቀለ ስኳር ድንች በነጠላቸው ቋጥረው ተመለሱ። በፍርግርጉ አንድ አንድ እያደረጉ ሰጡን። ከዚያ በርጩማ አምጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ለምን ብንላቸው፣ ብቻችሁን እንዳትሆኑ ነው አሉ።

ሸምሱ ድንቹን ሳይበላ በእጁ አገላበጠው። ከዚያ አሮጊቷ እንዳይሰሙ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

"ዘይነባ፣ እዚህ ያመጣሁሽ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

ድንቹን አስቀመጥኩ። "ንገረኝ" አልኩ።

"እንዳትቆጪ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ልነግርሽ እያልኩ አቃተኝ። ልቤ..." ብሎ አቆመ።

የሚቀጥለውን የማውቀው መሰለኝ። ልቤ ሌላ ወደደ ሊለኝ ነው። መሬቱን አየሁ።

"ልቤ ታሟል። ሐኪሙ ሐዋሳ ሄደህ በመሣሪያ ታይ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አልኩ። በውስጤ አይደለም፤ ጮክ ብዬ።

ሸምሱ አየኝ። "ምን አልሽ?"

ምን ልበለው? መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ የልቡ መታመም ሲገባኝ ወደ እሱ ተጠጋሁ። ከኮቱ ኪስ ወረቀቱን አወጣ። ከመዳሰስ ብዛት እጥፋቱ ተቀዷል።

"ለምን አልሄድክም?"

"ኦፕራሲዮን ቢሉኝስ? ከተኛሁ የምነሳ አይመስለኝም፣ ዘይነባ። ፈራሁ።" ዓይኑ እንባ ሞላ። አባቱን ሲቀብር እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። እጁን ያዝኩት።

ይሄኔ ከበሩ ውጭ፣ በአማርኛ፣ "አንቺ ሰውዬ!" የሚል ድምፅ መጣ። "ሐኪም የሰጠው ወረቀት ሦስት ሳምንት ኪስ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሸምሱ ደነገጠ። "እማማ፣ አማርኛ ይችላሉ እንዴ?"

"ሩቅ አገር፣ ጥጥ እርሻ አስራ ሁለት ዓመት ሠራሁ" አሉ። በእማማ ፋንታዬ አማርኛ ወንዱም ሴት ነው፤ ግን የሚሉት ይገባል። "የእኔም ባል ደረቷን ያማት ነበር። ደብቃ፣ ደብቃ፣ ዝም አለች። እስክትሞት ዝም አለች። ነገ ሂጂ። ሚስትሽንም ይዘሽ ሂጂ።"

ሸምሱ በእናቱ ፊት እንደ ቆመ ሰው "እሺ" አለ። ያን "እሺ" እኔ ብለምነው ወር የሚፈጅብኝ ነበር።

አቶ ማርቆስ የመጡት ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። እማማ ፋንታዬ ከሩቅ ጀምረው በወላይትኛ ተቆጧቸው። ሰውየው በሩን ሲከፍቱ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው "ይቅር በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አሉ።

"ምንም አይደል፣ ጥሩ ዕረፍት ነበር" አላቸው ሸምሱ። የምሩን ነበር። እኔ አልጠበቅኩም፤ በአጠገባቸው አልፌ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ፏፏቴውን ሳናየው ተመለስን።

ሰኞ ዕለት አብረን ሐዋሳ ሄድን። ለጊዜው ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፣ በመድኃኒት ይያዛል አሉን። አሁን ኪኒኑን በየቀኑ ይውጣል፣ ጨው ቀንሷል፣ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይሄዳል። ሱቁን አሁንም አይዘጋም፤ ማታ ግን ከበፊቱ ቀደም ብሎ ይገባል።

ከሐዋሳ ስንመለስ መኪና ውስጥ "ያን ቀን ለምንድነው አልሐምዱሊላህ ያልሽው?" ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፣ እህቴን ሳልጨምር። ሻሸመኔ እስክንደርስ መንገዱን አየ። ከዚያ "ሁለተኛ?" አለ። "አንቺንስ መቼ አየሁሽና?"

ሳቅኩ፤ ደግሞም አዘንኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን፣ አንድ ሙሉ ቀን ፊት ለፊት የተቀመጥነው ሰው ቆልፎብን ነው። ያቺን ቅጽበት ሳስባት እስካሁን አፍራለሁ። የባሏን ሕመም ሰምታ የምታመሰግን ሴት ጥሩ ሴት አይደለችም። ግን መዋሸት አልችልም፤ ያን ቃል ያልኩት ከልቤ ነበር። ባሌ የኔው ሆኖ መታመሙ፣ ጤነኛ ሆኖ የሌላ ከመሆኑ ተሽሎኝ ነበር።