የመይሙና አልጋ እና ቀዩ ኮከብ

ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነው ያገኘኋቸው። ከፋርማሲ የገዙትን ቅባት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መንገድ መጨረስ አልችልበትም፤ «ማን ታመመብዎት እናቴ?» አልኳቸው።

«የልጅ ልጄ። ሙቀቱ ገላዋን በሽፍታ ጨረሰው። ቤት ዘግቼ እያስተኛኋት ነው፤ ጥፋቱ የኔው ነው።»

በመጋቢት እዚህ ቆላ ቤት ዘግቶ የሚተኛ የለም፤ አልጋ ግቢ ይወጣል። ምነው ብላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

መይሙና ይባላሉ፤ ሮቢት ነው ቤታቸው፤ ማሽላ ይሸጣሉ። በጦርነቱ ጊዜ ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪመጣ ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩ ካነሰ ልጆቹን ይዘው ወደ እህል ጉድጓድ መግባት ነው፤ ለዚህም ጫማቸውን ሳያወልቁ ይተኙ ነበር። ቤተሰቡን ያተረፈው ይኸው ቆጠራ ነው። ባለፈው ወር ታዲያ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ራዊያ፣ ግቢ ጋደም ባሉበት አንድ ቀይ ኮከብ አሳይታ «ይሄ አርጅቷል፤ ይፈነዳል» አለቻቸው፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አልጋው ቤት ገባ።

«በምን ይፈነዳል ስላት፣ ክብደቱን የተሸከመለት ውስጡ ያለው እሳት ነው አለች። ማገዶው አልቆ መሀሉ ብረት ሲሆን እሳቱ ይጠፋል፤ በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይደረመስና ከዚያ ወደ ውጭ ይበተናል። ወላሂ፣ የጎረቤቴ ቤት እንዲያ ነው የሆነው! መጀመሪያ ጣራው ወደ ውስጥ ገባ።»

«ሩቅ አይደለም እንዴ?»

«እሷም ሩቅ ነው ትላለች። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ድምፁማ ጭራሽ አይመጣም፤ ምናልባት እስካሁን ፈንድቶም ይሆናል አለችኝ። ልታጽናናኝ እኮ ነው! ፈንድቶ ከሆነማ፣ መቁጠር የምጀምረው ከየት ነው?»

ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ዞሮ «ማዘር፣ እስከ ቂያማ ይቁጠሩ!» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቅባቱን ጭምድድ አድርገው ሲይዙ አይቼ እኔም ሳቄን ዋጥኩ።

«ራዊያ እውነቷን ነው» አልኳቸው። «ቢፈነዳም ከዚያ ርቀት ብርሃኑን ከማየት በቀር የሚነካን የለም። ሕፃኗን ግን ሙቀቱ እየጎዳት ነው።»

ሮቢት ሲደርሱ ወረዱ፤ ከዚያ ተመልሰው በመስኮቱ በኩል ቀና አሉ።

«እሺ ልጄ፣ ዛሬ አልጋውን አወጣለሁ። እሷ ነፋስ ታግኝ። እኔ ግን ጫማዬን አላወልቅም።»